ሦስተኛው ይቀራል

ጋሽ ነዚፍ አባ ሜጫ ማረፋቸውን የሰማሁት አጋሮ ላይ፣ የአንድ አውቶቡስ ጎማ እየፈታሁ ሳለ ነው። የነገረኝ የአውቶቡሱ ሹፌር ነበር። «የሐጂ ጣሂር መካኒክ የነበሩት ሽማግሌ አረፉ። ትናንት ተቀበሩ» አለኝና ፊቱን ሊታጠብ ወደ ውኃው በርሜል ሄደ።

መፍቻውን እንደያዝኩ ቀረሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ኀዘን አልነበረም፤ ብሽቀት ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲያስጠብቁ የኖሩ፣ አንድ ብሎን ለማጥበቅ ግማሽ ቀን የሚፈጁ ሰው፣ እኔን አንድ ቀን መጠበቅ አቃታቸው። የሙስሊም ቀብር እንደማይቆይ አጥቼው አይደለም። ቢሆንም ተናደድኩ። ጎማውን ገጥሜ፣ እጄን በነዳጅ ታጥቤ፣ ለቅሶ ልደርስ ወደ ጅማ ስሳፈርም ንዴቱ አልለቀቀኝም።

ጋሽ ነዚፍን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይፈርድብኝም።

ሰባት ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ። ሐጂ ጣሂር የቡና ነጋዴ ነበሩ፤ ከጅማ አዲስ አበባ ቡና የሚያመላልሱ አምስት የጭነት መኪኖች ነበሯቸው። አወቱ መንደራ ሰፈር ካለው መጋዘናቸው ጀርባ በቆርቆሮ የተከለለች ጋራዥ ነበረች። በዚያች ጋራዥ ጋሽ ነዚፍ ዋናው መካኒክ፣ እኔ ሁለተኛው ነበርን፤ ሌላ ሰው አልነበረም። እሳቸው የጅማ ተወላጅ ናቸው፤ ሙያውን የለመዱት በጉርምስናቸው ከጣልያኖች ጋር ሲሠሩ ነው። እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ሲል እንጀራ ፍለጋ ከሸዋ የመጣሁ ሰው ነኝ።

አጭር፣ ትከሻ ሰፊ ነበሩ። ነጭ ቆባቸው በቀኝ በኩል ብቻ በግራሶ ጠቁሮ ነበር፤ ሲያስቡ በዚያ በኩል ራሳቸውን ስለሚያኩ። ሥራ ላይ ሆነው ሰው ካናገራቸው የግራ መዳፋቸውን ከፍ አድርገው ያስቆሙታል፤ ቀኝ እጃቸው ሥራውን ይቀጥላል። ሐጂን ራሳቸውን እንደዚያ ሲያስቆሟቸው አይቻለሁ። ሐጂ በገዛ ግቢያቸው፣ ሊናገሩ የከፈቱትን አፍ ሳይዘጉ፣ የሠራተኛቸው መዳፍ እስኪወርድ ቆመው ይጠብቃሉ።

ኦሮምኛቸውና አማርኛቸው አንድ ላይ ነበር የሚወጣው። «ሜ፣ እንደገና» ይላሉ፤ እስቲ እንደገና ማለታቸው ነው። ይህችን ቃል ሰባት ዓመት ሰማኋት። ለክቼ ስነግራቸው «ሜ፣ እንደገና»። ደግሜ ለክቼ ያው ሲሆን «ሜ፣ እንደገና»። አሁንም ያው ሲሆን ራሳቸው መጥተው ይለካሉ። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አልቆ «በእመቤቴ ስም እምልልዎታለሁ፣ ልክ ነው!» ብላቸው ቀና ብለው አዩኝና «መለኪያ ያለው ሰው አይምልም» አሉኝ። ከዚያ ለኩት። ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ደግሞ ቅንጣት ታህል አላሳፈራቸውም።

የሠርጌ ዕለት ያደረጉትን ልንገራችሁ። ሙሽራዬን የምናመጣው ከአሰንዳቦ ነበር። በኪራይ መኪና ሄደን፣ ሙሽራዋን ተቀብለን፣ እየተጨፈረ ወደ መኪናው ስንመለስ ከፊት ጎማው አጠገብ ሁለት ጫማ ወጥቶ ይታያል። ጋሽ ነዚፍ ናቸው። ለሠርጌ ብለው ያሰፉትን ግራጫ ሱፍ እንደለበሱ መኪናው ሥር ተጋድመዋል።

«የፍሬን ዘይት ያንጠባጥባል» የሚል ድምፅ ከሥር መጣ።

ሚዜዎቼ ለመኑ። የመኪናው ባለቤት ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ሲያንጠባጥብ እንደኖረና ማንንም እንዳልገደለ ማለ። ከሥር ያ መዳፍ ብቻ ብቅ አለ። ሙሽራዬ በዚያ ፀሐይ ቬሏን እንደለበሰች ሁለት ሰዓት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ጅማ ስንገባ ጨፋሪው ደክሞት ግማሹ ወደ ቤቱ ሄዷል። አማቴ ከዚያን ዕለት ጀምሮ የጋሽ ነዚፍን ስም ጠርተው አያውቁም። «ያ መኪና ሥር ያለው ሰውዬ ደኅና ነው?» ነበር የሚሉኝ።

እንዲህ ያሉ ሰው እጅ ላይ ነው እንግዲህ ቱርቦ የመጣው።

የጃንሆይ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ሐጂ ጣሂር ስድስተኛ መኪና ገዙ። ቱርቦ የሚባለውን ነገር ጅማ ውስጥ ያየነው ያኔ ነው። ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ኃይል የምትዞር ትንሽ ማራገቢያ ናት፤ አየር እየሳበች ሞተሩን ታጎርሰዋለች፤ መኪናው ዳገት ላይ አይደክምም። ስትዞር ታፏጫለች። ሰው ፉጨቱን ለመስማት መንገድ ዳር ይቆም ነበር፤ ሐጂም ሰው መቆሙን ለማየት ከመጋዘናቸው ይወጡ ነበር። መኪናውን የሰጡት ለወልዴ ነው። ወልዴ ዝምተኛ የጉራጌ ሰው ነው፤ ከመንገድ ሲመለስ መኪናውን ሳይወለውል ምሳውን የማይቀምስ። ከሐጂ ሹፌሮች ሁሉ ጠንቃቃው እሱ ነበር።

ዓመት ሳይሞላው አንድ ከሰዓት በኋላ ወልዴ ከአዲስ አበባ ሲመለስ የግቤን ዳገት በጥቁር ጭስ ታፍኖ፣ ሰው በእግሩ እየቀደመው ወጣ። ጅማ ሲደርስ ፉጨቱ ጠፍቷል።

መኪናው ገና ዋስትናው ስላላለቀ እኛ ከአየር ማጣሪያና ከዘይት በቀር ምንም እንዳንነካ ተነግሮን ነበር። ሐጂ መኪናውን ላመጣላቸው ድርጅት ስልክ ደወሉ፤ ድርጅቱም አንድ ባለሙያ ላከ። ውጭ አገር የተማረ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ፣ ትሑት ወጣት ነው። ጋሽ ነዚፍን «አቶ ነዚፍ፣ እርስዎ» እያለ ነበር የሚያናግራቸው።

ባለሙያው ኮምፕሬሲዮን ለካ። ፒስተኑ አየሩን ምን ያህል አፍኖ እንደሚጨምቅ የሚታይበት ልኬት ነው፤ የሞተሩ ጤና የሚታወቀው በዚያ ነው። ነዳጅ የሚረጩትን ስድስት አፍንጫዎች አውልቆ፣ በየቦታቸው መለኪያውን ሲተክል፣ ወልዴ በሞተሪኖ፣ በማስነሻው፣ ሞተሩን ያዞራል። መርፌዋ አምስቱ ሲሊንደሮች ላይ ሃያ እያለች ቆመች። ሦስተኛው ላይ አሥራ ስምንት። የባለሙያው መጽሐፍ ደግሞ ከሃያ አንድ በታች የወረደ ሞተር ያለቀ ሞተር ነው ይላል።

«ሞተሩ ተበልቷል» አለ ባለሙያው። «አዲስ ሞተር በአንድ ዓመት እንዲህ የሚሆነው ያለ ዘይት ወይም ያለ ውኃ ሲነዳ ነው። የሹፌር ጥፋት ነው።»

ወልዴ መሪው ላይ እንደተቀመጠ «እኔ?» አለ።

ሐጂ ቁልፉን ከወልዴ ተቀበሉ። በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ግን ተቆጥተው ነበርና ለፖሊስም አመለከቱ። ወልዴ ጣቢያ ገባ። ሚስቱ ምሳና እራት በሳህን ቋጥራ ስትመላለስ በጋራዣችን ደጅ ነበር የምታልፈው። ቀና ብላ አታየንም።

ጋሽ ነዚፍ ግን ገና ባለሙያው ይህንኑ በወረቀት ሲጽፍ «ላኪ» ብለው ነበር። አይደለም ማለታቸው ነው። «ሞተሩ አላለቀም። አየሩ ነው። መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች የሚለኩት ባሕር ጠረፍ ነው፤ እዚያ አየሩ ወፍራም ነው። ጅማ ከፍታ ነው። ስስ አየር የጨመቀ ፒስተን መርፌዋን በምን አቅሙ ይገፋታል? እኔ አሰብ ወደብ ላይ የለካሁትን ሞተር ጅማ ስደርስ መልሼ ለክቼዋለሁ። ሞተሩ ያው፣ መለኪያው ያው፣ ቁጥሩ ወረደ።»

«አቶ ነዚፍ፣ ይሄኛው እኮ ቱርቦ አለው» አለ ባለሙያው በትዕግሥት። «የጎደለውን አየር ቱርቦው ይሞላዋል። ከፍታ አያሳስበውም።»

«ቱርቦው በምን ይዞራል?»

«በጭስ።»

«አሁን ስትለካ ጭስ ነበር? ነዳጅ የለ፣ እሳት የለ። በሞተሪኖ ነው ያዞርነው። ቱርቦው ተኝቶ ነበር፣ ልጄ። የተኛ ሰው ያግዘኛል ትላለህ?»

ወጣቱ መለኪያውን ዞሮ አየ። ነገሩ እንደገባው ከዓይኑ አየሁ። ግን መጽሐፉ እጁ ላይ ነው፤ ወረቀቱም ተጽፏል። «እንዲህ የሚል መጽሐፍ ካለዎት ያሳዩኝ» አላቸው።

«መጽሐፍ የለኝም። ግቤ ግን አለ» አሉ ጋሽ ነዚፍ።

ሐሳባቸው ይህ ነበር። ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ መንገዱ የግቤ ሸለቆ ውስጥ ይወርዳል፤ ድልድዩ ዘንድ ከጅማ በብዙ ዝቅ ያለ፣ የሚያቃጥል ቆላ ነው። መኪናውን እዚያ አውርደን፣ በዚያው መለኪያ፣ ያንኑ ሞተር እንለካ፤ ቁጥሩ ከወጣ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ይህን ለሐጂ ነገሯቸው። ሐጂ እምቢ አሉ፤ ቡና መጋዘን ውስጥ ተከምሯል፣ ዝናብ ሊመጣ ነው፣ የምን ሽርሽር ነው አሉ። ጋሽ ነዚፍ ሦስት ቀን ተከተሏቸው። መጋዘን፣ ገበያ፣ መስጊድ ደጃፍ። ሐጂ ጫማቸውን ሲያጠልቁ ከአጠገባቸው ቆመው ስለ ስስ አየር ይነግሯቸዋል። በሦስተኛው ቀን ሐጂ በሰው ፊት ጮኹ። «ያ ረቢ! ውሰደው! ከፈለግህ ቀይ ባሕር ድረስ ውሰደው! ብቻ ከፊቴ ጥፋ!»

ጋሽ ነዚፍ በቀጥታ ጣቢያ ሄደው ለወልዴ ዋስ ሆኑና አስወጡት። መኪናውን የሚነዳው እሱ መሆን አለበት አሉ። «በእሱ እጅ ተበላሸ ከተባለ፣ በእሱ እጅ ይለካ።»

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ወጣን። ወልዴ ባዶውን መኪና በጭስ እየነዳ፣ ጋሽ ነዚፍ ከጎኑ፣ እኔ መለኪያውን በጋቢ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ። እንዲያ ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው። ባለሙያው በራሱ መኪና ከኋላ ይከተላል። አሰንዳቦ ስንደርስ ጋሽ ነዚፍ «ቁም» አሉ።

«ምን ሆነ?» አልኩ።

«እዚህም እንለካለን።»

መንገድ ዳር፣ ገበያተኛው ከቦን፣ ስድስቱን አፍንጫዎች አወለቅን። ማውለቁ ብቻ አይደለም። ሞተሩ ጅማ ሲለካ የነበረው ሙቀት ላይ መሆን አለበት አሉና መዳፋቸውን ሞተሩ ላይ አሳርፈው ቆሙ። «ገና» ይላሉ። ቆይተው እንደገና ይነኩታል። «ገና»። ባለሙያው ሰዓቱን ያያል። ከገበያ የሚመለሱት አማቴ በዚያ ሲያልፉ አይተውን ቆሙ። ሞተሩ ላይ የተደፉትን ጋሽ ነዚፍን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ራሳቸውን ነቅንቀው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ለካን። ሃያ፣ ሃያ፣ አሥራ ስምንት፣ ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ። ከጅማው ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ወልዴ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ባለሙያው «እንግዲህ አዩት» አለ።

ጋሽ ነዚፍ ደስ ብሏቸው ቆባቸውን ያካሉ። «ልክ ነው! አሰንዳቦና ጅማ እኩል ከፍታ ናቸው። እዚህ ቁጥሩ ቢለወጥ ኖሮ የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ።»

ያን ጊዜ ጮኽኩባቸው። በሰባት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር። «እኩል መሆናቸውን እያወቁ ለምን አስወለቁን?»

«ማወቅና ማየት አንድ ነው?» አሉኝና መፍቻ አቀበሉኝ።

ግቤ የደረስነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነው። ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ፊት ይገርፋል። ድልድዩን ሳንሻገር ጥላ ፈልገን ቆምን፤ አፍንጫዎቹን አወለቅን፤ «ገና» ሲሉ ቆዩና «አሁን» አሉ። መለኪያውን የመጀመሪያው ላይ ተከልኩ። ወልዴ ሞተሪኖውን ጫነ። መርፌዋ እየተንቀጠቀጠች ወጣች፤ ሃያን አለፈች፤ ሃያ ሁለት ላይ ቆመች።

ባለሙያው ጎንበስ ብሎ አየ። «እስቲ ሁለተኛውን» አለ። ሃያ ሁለት።

ቀጥ ብሎ ቆመና መነጽሩን አውልቆ ላቡን ጠረገ። የዚያን ልጅ ጨዋነት አልረሳም። «አቶ ነዚፍ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እውነትዎን ነው። ሞተሩ ጤነኛ ነው» አለ። ጅማ ላይ የጻፈውን ወረቀት ከቦርሳው አውጥቶ ቀደደው። ወልዴ ከመኪናው ወርዶ የጋሽ ነዚፍን ጉልበት ሊስም ተደፋ። እኔም፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ።

«ሦስተኛው ይቀራል» አሉ ጋሽ ነዚፍ።

«ይቅር፣ ገብቶኛል» አለ ባለሙያው።

«ላኪ። ሦስተኛው ይቀራል።»

እጃቸውን ያዝኩ። በጆሯቸው «ጋሽ ነዚፍ፣ በፈጠረዎት! አለቀ እኮ። ሰውየው ወረቀቱን ቀደደ» አልኳቸው። መዳፋቸው ከፍ አለ። ራሳቸው መለኪያውን ተከሉ፤ ወልዴን ወደ መሪው መለሱት። ሃያ። ሌሎቹ ሲወጡ እሱም ወጥቷል፤ ግን ከሃያ አንድ በታች ነው። ከሁሉም በሁለት አንሷል፤ ጅማም፣ አሰንዳቦም፣ ግቤም በሁለት አንሷል።

«አየሩ ለሁሉም እኩል ነው» አሉ። «ይሄ የአየር አይደለም። ይሄ ቁስል ነው።»

ባለሙያው ደብተሩን እንደገና ከፈተ። የወልዴ ፊት አመድ መሰለ። ጋሽ ነዚፍ ባለሙያውን አስፈቅደው ከአየር ማጣሪያው ወደ ቱርቦው የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ፈቱት። የማራገቢያዋ ክንፎች እንደ ሽማግሌ ጥርስ ተሸርፈዋል። የሆነ ብረት ገብቶባታል፤ ስባሪው ደግሞ ወደ ሞተሩ አልፎ ሦስተኛውን ሲሊንደር ቧጭሮታል። ጭሱም፣ የፉጨቱ መጥፋትም ከዚያ የመጣ ነው።

ዞረው እኔን አዩኝ። «ሮንዴላዋ» አሉ።

ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው። ማጣሪያውን ያጸዳሁት እኔ ነበርኩ። ጋሽ ነዚፍ የተፈታ ብሎንና ሮንዴላ ሁሉ ሳርዲን ቆርቆሮ ውስጥ እያስገቡ ያስቆጥሩ ነበር፤ ያን ዕለት አንዲት ሮንዴላ፣ ከብሎን ሥር የምትገባ ቀጭን ቀለበት፣ ጎደለች። «መሬት ወድቃ ይሆናል» አልኳቸው። ዐርብ ነበር፤ ጁምዓ ሊያመልጣቸው ስለነበረ በሕይወታቸው ለአንድ ጊዜ ቸኮሉ። ሌላ ሮንዴላ አምጥቼ ገጠምኩ፤ እሳቸው የሥራ ወረቀቱ ላይ ፈረሙ። እውነቱን ግን እዚሁ ልናገረው። መሬት አልወደቀችም። ቱቦውን ስገጥም ከውስጥ የሆነች ነገር «ቅጭል» ስትል ሰምቻለሁ። ልፍታው ብል ያ ሁሉ «ሜ፣ እንደገና» ሊመጣ ነው። ርቦኝ ነበር። ሰልችቶኝ ነበር። ዝም አልኩ።

ግቤ ላይ ጋሽ ነዚፍ ለባለሙያው እንዲህ አሉት፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ጻፍ። ሹፌሩ ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ የጋራዡ ነው። ሮንዴላዋን ቱቦው ውስጥ የጣላት እሱ ነው፣ ታደሰ ይባላል። ጎድላ ሳለ የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ ነዚፍ እባላለሁ።»

ስሜን ከነአባቴ ስም ጠይቆ ጻፈው።

ወደ ጅማ ስንመለስ ከፊት አልተቀመጥኩም። ኋላ፣ ባዶው ጭነት ላይ፣ ሸራ ለብሼ አቧራ ስቅም መጣሁ። «የጋራዡ ነው» ብለው ቢያቆሙ ምን ነበረበት? በማግስቱ ሐጂ ሲጠይቋቸው ትንሽ ያለዝቡልኛል ብዬ ነበር። ያንኑ ደገሙት፤ አንዲት ቃል አልጨመሩም፣ አንዲት ቃል አልቀነሱም። ሐጂ የወልዴን ቁልፍ መለሱ፤ እኔን አባረሩኝ። ጋሽ ነዚፍን ግን አላባረሯቸውም፤ ቱርቦ ፈትቶ የሚገጥም ሌላ ሰው በከፋ ጠቅላይ ግዛት አልነበረም።

ማንም ወደማያውቀኝ አጋሮ ሄድኩ። እዚያ አንድ ጋራዥ ገብቼ ሥራ ስጠይቅ ባለቤቱ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ሮንዴላው አንተ ነህ?» አለኝ።

ምድር ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጋሽ ነዚፍ አጋሮ እንደምሄድ ከባለቤቴ ሰምተው፣ በዋዜማው በአውቶቡስ መጥተው ነበር። «ታደሰ የሚባል ሰው ይመጣል፤ እጁ ጥሩ ነው፤ አንድ ሮንዴላ ጥሎ መኪና አበላሽቷል፤ ከእንግዲህ ግን አይጥልም፤ ቅጠረው» ብለውት ሄደዋል። ሰውየው ቀጠረኝ። አጋሮ ግን እስከ ዛሬ ስሜ ታደሰ አይደለም፤ ሮንዴላ ነው። ውለታ ሲውሉ እንኳ የሰው አንጀት አቃጥለው ነው።

ለብዙ ጊዜ አላነጋገርኳቸውም። ጅማ ገበያ ሳገኛቸው መንገድ እቀይር ነበር። እሳቸው ከሩቅ ስሜን ጠርተው ስለ አጋሮ ጋራዥ ይጠይቁኛል፤ እንደተቀየምኩ እንኳ የገባቸው አይመስሉም ነበር።

ከመሞታቸው ሦስት ወር በፊት፣ ደረታቸውን አመማቸው ሲሉኝ፣ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ትንፋሽ ያጥራቸዋል።

«ጅማ ከፍታ ነው» አሉኝ። «ግቤ ብወርድ ይሻለኝ ነበር።»

ከዚያ የዓመታት ጥያቄዬን ጠየቅኳቸው። «ያን ዕለት ስሜን መጥራት ለምን አስፈለገዎት?»

ጥያቄው አስገረማቸው። «የወልዴ ስም ወረቀት ላይ ነበር» አሉ ትንፋሻቸውን እየሳቡ። «አንድ ስም ሲፋቅ ቦታው ባዶ አይቀርም። እኛ ካልሞላነው እሱኑ መልሰው ይጽፉት ነበር። ሐጂን አታውቃቸውም?»

«እሺ፣ የእርስዎን ብቻ ቢናገሩስ?»

«እኔ ሮንዴላ ጣልኩ?» አሉ፣ እንደተሰደበ ሰው።

ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። ከዚያ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ለማንም ያልተናገርኩትን ነገርኳቸው። ድምፁን እንደሰማሁ፤ እያወቅሁ ዝም እንዳልኩ።

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የተኙ መስሎኝ ልነሳ ስል «ወልዴ ያውቃል?» አሉ።

«አያውቅም።»

«ንገረው።»

«ጋሽ ነዚፍ፣ አሁን ምን ይፈይዳል? ስንት ዓመት አለፈው!»

«ሦስት ቀን ነው የታሰረው» አሉ።

እሺ ብዬ ወጣሁ። አልነገርኩትም። በዚህ ሳምንት፣ በሚቀጥለው ሳምንት እያልኩ ሦስት ወር አለፈ። እሳቸው ሞቱ።

የለቅሶ ቤቱ ድንኳን ከመስጊዱ በታች ነበር የተተከለው። ሽማግሌዎች በኦሮምኛ እየጸለዩ፣ «አላህ ይርሐማቸው» እየተባለ፣ ሰው ይገባል ይወጣል። ወልዴ ጥግ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ጸጉሩ ሸብቷል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ነፍስ ይማር ተባባልን። ከዚያ ቀና ሳልል ነገርኩት። ስለ ድምፁ፣ ስለ ዐርቡ፣ ስለ ርሃቤ። «እኔ ያን ዕለት ብናገር ኖሮ አንተ ጣቢያ አትገባም ነበር» አልኩት።

ወደ እኔ ዞረ።

«ዛሬ ነው የምትነግረኝ? ለቅሶ ላይ?»

«ንገረው ብለውኝ ነበር። ሳልነግርህ ሞቱብኝ።»

አንገቱን ደፋ። ሊያለቅስ ነው ብዬ ነበር፤ ሳቀ። አፉን በጋቢው አፍኖ፣ ትከሻው እየተርገፈገፈ፣ እንባው እየወረደ። ሽማግሌዎቹ ዞረው አዩን። «ሞተውም አልተዉንም!» አለ። «አልተዉንም እኮ!» እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሁለት ጎልማሶች እንደ ተማሪ ሳቃችንን ስናፍን ቆየን።

ሳቁ ሲያልቅለት ዓይኑን ጠረገ። ፊቱ ሌላ ሆነ።

«ነገ ጠዋት ቤት ና» አለኝ።

«ለምን?»

«ለሚስቴም ትነግራታለህ። ጣቢያ ምግብ ያመላለሰችው እሷ ናት።»

«ወልዴ፣ አንተው ንገራት እንጂ። እኔ በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

«ድምፁን የሰማሁት እኔ ነኝ?» አለኝ።

ወደ አጋሮ የሚሄደው የመጨረሻው አውቶቡስ ሊነሳ ነበር፤ ሄጄ ልሳፈር ብዬም ተነስቼ ነበር። ከድንኳኑ ወጥቼ መንገዱ ዳር ቆምኩ። አውቶቡሱ መጣ፣ ጥሩምባውን ነፋ፣ ጠበቀኝ። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ «ሮንዴላ! ትሄዳለህ አትሄድም?» አለኝ። በጋሽ ነዚፍም፣ በወልዴም፣ በራሴም እየተብሰለሰልኩ እጄን አወዛወዝኩለትና ሂድ አልኩት። ያን ሌሊት ጅማ አደርኩ፤ ጠዋት የወልዴን በር አንኳኳሁ። የከፈተችልኝ እሷ ነበረች።